የኢስታንቡል ጀግኖቻችን

በትራንዚት ኢስታንቡል ለሚያርፈው ወገናችን ሐውልት ቢያንሰው ነው። ካፓሊቻርሺ የሚባለው ባለጣሪያ ገበያ ከተቆረቆረ ከ560 ዓመት በላይ ሆኖታል። ሱልጣን መህመድ ዳግማዊ ከተማዋን በያዘ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1450ዎቹ ነው ያስጀመረው። ዛሬ ወደ 4,000 ሱቅ አለው። ይህን ሁሉ ዘመን ሲያተርፍ የኖረ ገበያ የእኛ ሰው በአንድ ከሰዓት ሊያከስረው ይገባል።

ስልቱ የመርካቶ ነው። ዋጋ ይጠይቃል፤ ግማሹን ይጠራል፤ ፊቱን አዙሮ ይሄዳል። ነጋዴው ይከተለዋል። እንዴት አይከተለው? በአምስት ቋንቋ "ወንድሜ" ማለት የሚችል ሰው ነው። ወገቧ ቀጠን ባለች ብርጭቆ ሻይ ይመጣል። ምንጣፍ ይዘረጋል፤ በላዩ ሌላ፣ በዚያም ላይ ሌላ። ሰባተኛው ላይ ጀግናችን ተነስቶ መሄድ ነውር ይሆንበታል። የሰው ሻይ ጠጥቷላ! 800 ዶላር የተባለውን በ400 ይወስዳል። ነጋዴው ደረቱን ይዞ "ገደልከኝ" ይላል። እንዲህ እየሞተ ነው እንግዲህ ልጆቹን ያስተማረው።

ድሉ ኤሚኖኑ ወደሚባለው ሰፈር ወርዶ በቅመም ገበያው ይቀጥላል። ሳፍሮን ከዓለም ቅመሞች ሁሉ ውዱ ነው፤ በግራም ነው የሚሸጠው። የእኛ ሰው ግን በከረጢት ያስዝቃል፣ ያውም በርካሽ! እንዲህ የሚዛቀው ብዙውን ጊዜ የሱፍ አበባ ነው። የፈረንጁን ሱፍ ማለቴ አይደለም፤ እናቱ በጾም ፍትፍት የሚሠሩበትን የሐበሻውን ነው። አገሩ ሞልቶ የተረፈውን በዶላር ገዝቶ፣ በአውሮፕላን ጭኖ ለእናቱ ይወስድላቸዋል። ከዚህ በላይ አገር ወዳድ ከየት ይመጣል?

ካፓሊቻርሺ አጠገብ ካለው ከቤያዚት በትራም አንድ ፌርማታ ርቆ ላሌሊ የሚባል ሰፈር አለ። እዚያ የአዲስ አበባ ነጋዴ ሴቶች ጃኬትና ጫማ በጅምላ ይገዛሉ። ፎቶ የለ፣ "ወንድሜ" የለ፤ ካልኩሌተር ብቻ። ያሳዝናሉ። የገበያ ጥበብ አልገባቸውም።

እኔ ግን ከሁሉም የማደንቀው እሑድ የሚሄደውን ነው። እሑድ ካፓሊቻርሺ ዝግ ነው። ጀግናው ግን የተዘጋውን በር ተደግፎ ፎቶ ይነሳና "ውስጡን አዳርሼ ወጣሁ" ብሎ ይለጥፋል። ሳንቲም ሳይበላ የተመለሰ እሱን ብቻ ነው የማውቀው።