የጃማይካ ባንዲራ ላይ ቀይ ማን ጨመረበት?

ሬጌ በተነሳ ቁጥር በየፖስተሩና በየቲሸርቱ «የጃማይካ ባንዲራ» እየተባለ የሚታተመው ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ የጃማይካ አይደለም። የአገሪቱ ሰንደቅ ዓላማ ጥቁር፣ አረንጓዴና ወርቃማ ብቻ ነው። ቀይ የለውም፤ ነጭም ሰማያዊም የለውም። ሞሪታኒያ እ.ኤ.አ. በ2017 በባንዲራዋ ላይ ቀይ መስመሮች ከጨመረች ወዲህ ከእነዚህ ሦስት ቀለማት አንዱንም የማይዝ የአገር ባንዲራ የጃማይካ ብቻ ሆኖ ቀርቷል።

ቀዩ የሄደው ከእኛው ነው። ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1930 ከነገሡ በኋላ የተነሱት ራስተፈሪያውያን የኢትዮጵያን ሦስት ቀለማት የእምነታቸው ምልክት አደረጉ። ሬጌም ቀለማቱን ይዞ ዓለምን ዞረ። ሻሸመኔ ላይ ደግሞ ሰፈራቸውን «ጃማይካ» ብለን ስለጠራነው የእምነቱና የአገሩ ቀለም ጭራሽ ተደበላለቀብን። ጃማይካ ግን ስትመሠረት የራስተፈሪያን ቀለም አልመረጠችም። እንዲያውም በዚያን ጊዜ መንግሥትና ራስተፈሪያን ዓይንና ናጫ ነበሩ።

ባንዲራውን እንዲያዘጋጅ የተሰየመው ሁለቱም ፓርቲዎች የተወከሉበት የምክር ቤት ኮሚቴ ነበር። መጀመሪያ የታሰበው ቀለማቱን በአግድም መደርደር ነው። ነገር ግን ታንጋኒካ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 1961 ነፃ ስትወጣ የሰቀለችው በአግድም የተደረደረ አረንጓዴ፣ ወርቃማና ጥቁር ነበር። መመሳሰሉ ስለበዛ አግድሙ ቀርቶ ከጥግ እስከ ጥግ የሚያቋርጥ ወርቃማ መስቀል ተተካ። ግድ ሆኖ የተደረገ ለውጥ ቢሆንም ለበጎ ነው፤ ዛሬ በስታዲየም ሕዝብ መሀል ከሩቅ የሚለየው በዚሁ መስቀል ነው። ኦገስት 6 ቀን 1962 ሊብት እኩለ ሌሊት ላይ በኪንግስተን ብሔራዊ ስታዲየም የእንግሊዝ ባንዲራ ወርዶ ይህ ተሰቀለ።

የቀለማቱ ትርጉም ግን እንደ ጨርቁ አልጸናም። በ1962 የተሰጠው ፍቺ «ችግር ቢኖርም ምድሪቱ ለምለም ናት፣ ፀሐይም ታበራለች» የሚል ነበር፤ ጥቁሩ ችግር ማለት ነው። አብዛኛው ሕዝቧ የአፍሪካ ዘር የሆነ አገር በገዛ ባንዲራዋ ላይ ጥቁርን የመከራ ቀለም ማድረጓ የሚያስተዛዝብ ነገር ነው። በ1996 ተከልሶ ጥቁሩ የሕዝቡ ጥንካሬና የፈጠራ ችሎታ፣ ወርቃማው የተፈጥሮ ሀብትና የፀሐይ ብርሃን፣ አረንጓዴው ተስፋና የእርሻ ሀብት ተባለ። ሠላሳ አራት ዓመት መቆየት አልነበረበትም።

ቀለሙን አስተካክለው ቅርጹን የሚያበላሹም አሉ። የባንዲራው ቁመት የርዝመቱ ግማሽ ነው፤ 90 ሳንቲሜትር ቢቆም 180 ይረዝማል። አታሚዎች ግን የለመዱት 90 በ150 ነው። ምስሉን አጨናንቀው ሲያስገቡት ወደ 27 ዲግሪ ገደማ የነበረው የመስቀሉ ዘንበል ማለት ወደ 31 ይወጣል፣ መስቀሉም የቆመ ይመስላል። ከግራና ከቀኝ 15 ሳንቲሜትር ከቆረጡት ደግሞ የወርቃማው መስመር መሀል ጥጉን ስቶ 7.5 ሳንቲሜትር ገባ ብሎ ጠርዙን ይመታል። ሁለተኛው የባሰ ነው፤ ከጥግ የማይነሳ መስቀል የጃማይካ አይደለም።

ለሚሰፋ ሰው ችግሩ ሌላ ነው። የአራቱም ሦስት ማዕዘኖች ሁለት ሁለት ጎን በሰያፍ ስለሚቆረጥ ጨርቁ በስፌት ጊዜ ይለጠጣል፣ መሀሉም ይሸበሸባል። ስለዚህ ሳይጎትቱ ወጥሮ በመርፌ ማያያዝና ከመሀል ወደ ጥግ መስፋት ይበጃል። አረንጓዴዎቹ ከላይና ከታች፣ ጥቁሮቹ በሰንደቁና በነፃው ጫፍ በኩል ይውላሉ። ባንዲራው ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት ስለሆነ ተገልብጦ ተሰቀለ አይባልም፤ ጥቁሩ ላይ ከወጣ ግን የተሳሳተው ሰቃዩ ሳይሆን ሰፊው ነው።