ከሁለት ያጣ ጎመን ሆነን ቀረን፣ እኔና ቢጫዋ መኪናዬ

እስኪ ፍረዱኝ። ዛሬ ካልተናገርኩ ቆሽቴ አርሮ ሊያልቅ ነው።

ደሴ ውስጥ አንዲት ቢጫ ኮስተር አይታችሁ ይሆናል። ጎኗ ላይ የተደለዘ ጽሑፍ አለ፤ ፀሐይ ሲያርፍበት «የተማሪዎች ሰርቪስ» የሚለው ከላዩ ከተቀባው ቀለም ሥር ብቅ ይላል። የኔ ናት። ሊብሬው በስሜ ነው፣ ናፍጣው ከኪሴ ነው፣ ቅጣቱም ወደኔ ነው የሚመጣው። አገልግሎቷ ግን የማን እንደሆነ አላህ ይወቀው።

ተማሪ ስታመላልስ ኖራ ትምህርት ቤቱ በጨረታ ሲያወጣት ነው እኔና ባለቤቴ ከዘመድ ተበድረን የገዛናት። ሥራዬ ባልትና ነው። በርበሬና ሽሮ ደሴ አስፈጭቼ ኮምቦልቻ ለሱቆች አደርሳለሁ፤ ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ እወርዳለሁ። ጠዋት ልጆች አደርሳለሁ፣ አማቴን ሐኪም ቤት አመላልሳለሁ፣ ውኃ በጠፋ ሳምንት ጀሪካን እጭናለሁ። ይህን ሁሉ የምትችል ፒክ አፕ ዛሬ ስንት እንደምትጠራ የጠየቀ ያውቀዋል። ኮስተሯ ከዚያ በብዙ ባነሰ ተገኘች። የኋላውን ወንበር በሙሉ አስነቀልን፣ ወለሉን ላሜራ አስለበስን፣ ጆንያ የሚታሰርበት ብረት ግራና ቀኝ አስበየድን። ከሾፌሩ ጀርባ ያሉት ጥቂት ወንበሮች ለቤተሰብ ተረፉ። መስኮቷ ላይ መጋረጃ ሰቀልኩና በቃ የቤት መኪና ሆነች አልኩ።

ማን ሰምቶኝ!

ጠዋት ከሆጤ በኩል ስመጣ ልጆች ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ይሮጡልኛል። በልጅ አይፈረድም፤ ቢጫ ሲያይ ሰርቪሱ የመጣ ይመስለዋል። ወላጆቹስ? ባለፈው ልጄን ላወርድ በሩን ስከፍት አንዲት እናት ከየት መጣች ሳልል ሕፃኑን ከነምሳ ዕቃው ብድግ አድርጋ አስገባችልኝና «ሹራቡን እንዳያወልቅ ንገሪልኝ፣ ጉንፋን ይዞታል» ብላኝ ባጃጅ ውስጥ ገባች። ባጃጁ ሄደ። ልጁ ቁጭ ብሎ ያየኛል፣ እኔ አየዋለሁ። «የት ነው የምትማረው የኔ ሸጋ?» ብለው «ትምህርት ቤት» አለኝ። ሱብሃነላህ! የደንብ ልብሱን ቀለም እያየሁ፣ በየበሩ ያለውን ዘበኛ እየጠየቅሁ፣ በስንት መከራ ቦታውን አግኝቼ አስረከብኩት። የኮምቦልቻው ደንበኛዬ ጠብቆ ጠብቆ ከሌላ ገዛ። ሹራቡን ግን አላወለቀም።

ትልልቆቹ ይብሳሉ። ቧንቧ ውሃ ጋ ለእግረኛ ፍሬን ልያዝ እንጂ በሩን ራሳቸው ከፍተው ይገባሉ። ወዴት ነሽ ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ ገብተው፣ ተቀምጠው፣ ዕቃቸውን አደላድለው ነው «ፒያሳ ወራጅ አለ» የሚሉት። የግል ነው ስላቸው «ታዲያ እየሄድሽ አይደል?» ይሉኛል። እየሄድኩ ነዋ! ለዚህ መልስ ያለው ሰው ካለ ይንገረኝ። አንዱ ጎረምሳ እንዲያውም ረዳት የለሽም ብሎ አዘነልኝና በር ላይ ተንጠልጥሎ «ፒያሳ! ፒያሳ በአራዳ!» ሲል ሰው ሞላብኝ። ሂሳቡን ሰብስቦ ፒያሳ ላይ «ሾፌሯ፣ ይመችሽ» ብሎኝ ወረደ።

ደግነቱ በርበሬ አለ። ዛላው በጆንያ ከኋላ ተደርድሮ መስኮት ከተዘጋ ማስነጠስ ለመጀመር ብዙ አይፈጅም። መጀመሪያ አንዱ ነው፣ ከዚያ ጎኑ ያለችው፣ ከዚያ ሁሉም አንድ ላይ፤ «ይማርህ» እና «የርሐሙከላህ» እየተባባሉ ሳይደርሱ ይወርዳሉ። እስካሁን ያገኘሁት ጠበቃ እሱ ብቻ ነው።

ይኸ ሁሉ ግን ቀላሉ ነው፤ ዋናው ብሶት የመንግሥቱ ወገን ነው። ታርጋዬ ኮድ 3 ነው፣ አረንጓዴው፣ የንግድ። ኮስተር ሆና ኮድ 3 ከለጠፈች ለትራፊክ ያው የሕዝብ ማመላለሻ ናት። ያስቆመኛል። «ታፔላሽ የታለ?» የለኝም። «መውጫሽስ?» ከመናኸሪያ አልወጣሁ፣ ከቤቴ ነው የወጣሁት። «ታዲያ እነዚህ እነማን ናቸው?» አማቴ፣ የአማቴ እህት፣ የጎረቤት ልጅ። «ዘመዶቼ ናቸው የማይል ሾፌር እስካሁን አላጋጠመኝም» ይለኛል። እውነቱን ለመናገር እኔም በሱ ቦታ ብሆን አላምንም፤ እዚህ አገር ትርፍ ጭኖ የተያዘ ሁሉ ዘመዱን ነው የጫነ። አማቴ ግን ነገሩ አልዋጥ ብሏት የዝምድናውን ሐረግ ከአያት ጀምራ ትቆጥርለታለች። እሱ አንገቱን እየነቀነቀ ይሰማል፣ እየሰማ ይጽፋል። በሌላ ቀን ባዶዋን ስነዳት ደግሞ ሌላው ያስቆመኝና «ሕዝቡ መኪና አጥቶ ፀሐይ ላይ ቆሞ አንቺ ባዶሽን ትሄጃለሽ? ትንሽ አታፍሪም?» ብሎ ይቆጣኛል። ብጭን ስምሪት የለኝም፣ ባልጭን ርኅራኄ የለኝም።

ማደያ ስደርስ ሕዝብነቴ ያበቃል። በ2014 የነዳጅ ድጎማው «የታለመ» ይሁን ተብሎ ለተመዘገቡ የሕዝብ ማመላለሻዎች ሲሆን እንደኔ ካለው ላይ ቀስ በቀስ ይነሣ ተባለ። ይሁን፣ ደንብ ነው። ግን በር ላይ ያለው አስተናባሪ ቢጫዋን ሲያይ «የሕዝብ በዚያ በኩል!» ብሎ የሚኒባሱ ሰልፍ ውስጥ ይከተኛል። ተሰልፌ፣ ተሰልፌ፣ ከቀጂው ፊት ስደርስ «አንቺ በዚህ አይደለሽም፣ የግል ነሽ፣ ዞረሽ ነይ» ይለኛል። ቴሌብሩ ተከፍቶ፣ የምስጢር ቁጥሩ ገብቶ፣ ኔትወርኩ ከስንት ልመና በኋላ እሺ ባለበት ሰዓት! ሲቀጡኝ የሕዝብ፣ ሲቀዱልኝ የግል።

ሐረጎን ልንገራችሁ ደግሞ፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውን ቁልቁለት። ከደሴ ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ግን ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተሰቅላ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች ናት፣ ያን ሁሉ ቁልቁለት መንገዱ እየተጠማዘዘ ነው የሚወርደው። እኔ ማርሽ ቀንሼ፣ በሞተር ይዤ ነው የምወርድ። ፍሬን እየረገጠ የሚወርድ ሰው ግማሽ ላይ ሲደርስ ሸራው ይግላል፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ የቃጠሎ ሽታ ይመጣል፣ ከዚያ በኋላ ፔዳሉን ብትረግጠው አልሰማህም ነው። በተለይ ከኋላ በርበሬ፣ ከፊት ልጆች ተጭነው ቀልድ የለም። ስለዚህ ቀስ እላለሁ። ከኋላዬ ያለው ሚኒባስ ክላክሱን አንዴ ከያዘው አይለቀውም። ሲያልፈኝ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ማዘር፣ ተማሪዎቹ እኮ ድሮ ወርደዋል!» ይለኛል። ተሳፋሪው ሁሉ ይስቃል።

ስመለስ ዳገቱ አለ። ሞተሯ ዋን ኤች ዜድ ነው፣ ስድስት ፒስተን፣ 4.2 ሊትር። ጥንካሬውን የሚጠራጠር ካለ ከኔ ጋር ይጣላል። ግን ተርቦ የለውም። ደሴ ከፍታ ላይ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ ተርቦ የሌለው ሞተር ደግሞ ያገኘውን ነው የሚተነፍሰው፣ አየር ሲያንሰው ናፍጣው በወጉ ሳይቃጠል ጥቁር ጭስ ሆኖ ይወጣል። እና የጦሳን ተራራ አሻግሬ እያየሁ በሁለተኛ ማርሽ እየተንፏቀቅሁ ስወጣ መንገድ ዳር ያለ ወንድ ሁሉ መካኒክ ይሆናል። «ኖዝሉን አስፈትሺው!» «ፖምፓው ነው ባክህ!» «ባል የላትም እንዴ?» ባልማ አለኝ፤ መንዳት የማይችለው እሱ ነው። ላቆማት ስል ደግሞ አንዱ «መልሽ፣ መልሽ» ይላል፣ ሌላው «ቁረጪ! በግራ ቁረጪ» ይላል፣ ሦስተኛው ላሜራዬን በመዳፉ ይደበድባል። «ሕዝብ ሁለት» መንጃ ፈቃድ ያለኝ እኔ፣ አስተማሪዎቼ ባጃጅ እንኳ ነድተው የማያውቁ። ጎማ ሥር ያስገባሁትን ታኮ የሰፈር ልጆች ለጎል ምሰሶ ይወስዱታል። የደሴን ዳገት የምታውቁ ታኮ የሌላት ኮስተር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል።

ቅሬውን፣ የሰፈራችንን ዕድር ግን እንዳትነኩብኝ። ለቅሶ ላይ የናፍጣ ሂሳብ አላስብም። ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ በሚረዳዳበት ሰፈር ያደገ ሰው፣ ሌሊት በር ሲንኳኳ ቁልፉን ይዞ ነው የሚወጣው። የሚያበግነኝ ሰርጉ ነው። ጥር ሲገባ፣ ከዚያም ረመዳን ሳይገባ በሻዕባን፣ ያለው ሰርገኛ በሙሉ በኔ መኪና ይታሰባል። አስቀድሞ የሚጠይቀኝ የለም፤ ጥሪው ሲደርሰኝ ነው «መኪና ስለተዘጋጀ በሰዓቱ ይገኙ» የሚለውን የማነበው። የተዘጋጀችው መኪና የኔ ናት! ወንበር የሌለው የኋላ ወለል ደግሞ መጨፈሪያ ሆነላቸው። ከበሮው ሲመታ፣ ያ ሁሉ ሰው አንድ ላይ ትከሻውን እየሰበቀ ሲዘል፣ ባሌስትራው ሲንቋቋ የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ። ሐይቅ ደርሰን ስንመለስ ተሰበረ። የሙሽራው አጎት ወርዶ አጎንብሶ አየና «አብሽሪ፣ ብረት ነው፣ ይበየዳል» አለኝ። ባሌስትራ እኮ አይበየድም ጎበዝ! ቢበየድም አይዝም። ይባስ ብሎ በሦስተኛው ቀን የሙሽራዋ እናት ደውላ ቬሎው በርበሬ በርበሬ ስለሚል ያከራየችው ሴትዮ አልቀበልም ብላለች፣ ምን ይሻላል አለችኝ። ምን ይሻላል?

አሜሪካ ያለ የአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ ስነግረው ቪዲዮ ላከልኝ። እዚያ አሮጌ የተማሪ አውቶቡስ ይገዙና ወንበሩን ነቅለው አልጋና ምድጃ ገጥመው ይኖሩበታል፣ ያሻቸው ዘንድ ይነዱታል። ቢጫው ቀለም ራሱ የዚያ አገር ነው፤ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1939 ፍራንክ ሲር የሚባል የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ምሁር ስብሰባ ጠርቶ፣ ማለዳም ሆነ ምሽት ጥቁር ጽሑፍ አጉልቶ የሚያሳየው ይህ ቀለም ነው ተባብለው የወሰኑት። ብዙ ስቴቶች ውስጥ ደግሞ አውቶቡሱ ለግለሰብ ሲሸጥ ቀለሙን መቀየር፣ የቁም ምልክቱንና ብልጭ ድርግም የሚለውን መብራት ማንሳት ግዴታ ነው፣ ሌላው መንገደኛ እንዳይሳሳት። «አንቺም ቀለም ቀቢያትና ተገላገይ» ይለኛል። እዚያ ሆኖ ማውራት ምን ይከብዳል! እዚህ ቀለም መቀየር ማለት ሊብሬ መቀየር ነው፣ ሊብሬ መቀየር ማለት ደግሞ ማመልከቻ ነው፣ ማመልከቻዬ ያለበትን ቢሮ ያወቀ ሰው ወሮታውን እከፍላለሁ።

ሊብሬዋ «28 ሰው» ይላል። ለቦሎ ምርመራ ስወስዳት መርማሪው ገብቶ ወንበር መቁጠር ጀመረ። ቆጥሮ ቶሎ ጨረሰ። «የቀሩት የታሉ?» «አስነቀልኳቸው።» «በማን ፈቃድ?» ፈቃዱን እኮ ጠይቄያለሁ፣ ማመልከቻዬ እናንተው ጋ ነው አልኩት። ለውጥ የሚፈቀደው ምርመራ ላለፈ መኪና ነው አለኝ። ምርመራ ለማለፍስ? ወንበሩ መሟላት አለበት። ወንበሩ ከተሟላ ምን ለማስነቀል ነው የሚፈቀድልኝ? ሰውዬው አልተቆጣኝም። «ሂጂና አስገጥመሽ ነይ፣ ቦሎሽን ውሰጂ፣ ከዚያ የማስነቀሉን ጉዳይ እናይልሻለን እህቴ» አለኝ በትሕትና። ትሕትናው ነው የገደለኝ። ቢሰድበኝ እኮ መልስ ነበረኝ።

እሺ፣ ላስገጥም። ወንበሮቹ የት ናቸው? የተነቀሉ ጊዜ ግቢያችን ዝናብ ስለሚገባው ቅሬው ዕቃ ቤት ለጊዜው አስቀምጡልኝ ብዬ ነበር። ትናንት ላመጣ ሄድኩ። ድንኳን ውስጥ ግራና ቀኝ ተደርድረው ለቀስተኛ ተቀምጦባቸዋል፤ ጀርባቸው ላይ በነጭ ቀለም «የቅሬው ንብረት» ተብሎ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ሊቀ መንበሩን ወደ ጎን ጠርቼ ነገሩን ከሥሩ አስረዳኋቸው። ሽማግሌ ናቸው፣ ሸጋ ሰው ናቸው፣ እስኪያልቅ ሰሙኝ።

«ልጄ፣ መዝገብ የገባ ንብረት በጠቅላላ ጉባኤ ነው የሚወጣ» አሉኝ።

«ጉባኤው መቼ ነው አባባ?»

«ኢንሻአላህ ሰርጉ ጋብ ሲል። እስከዚያ ግን መኪናዋን እንዳትነፍጊን፤ ወንበሮቹን የምናመላልስበት ሌላ የለንም።»