ፓስፖርት ያለው ጠርሙስ

እንኳን ደስ ያለን! ከምግብ ዝርዝር እስከ ሠርግ ጥሪ ኮድ የለጠፍን ሕዝብ፣ አሁን ደግሞ ባዶ ጠርሙስን በዲጂታል ወደ መከታተል ተሸጋግረናል። ባለፈው ሳምንት በአንድ የሰርኩላር ኢኮኖሚ (ያገለገለን ዕቃ ከመጣል ይልቅ መልሶ የመጠቀም አሠራር) ዐውደ ጥናት ላይ ይህንኑ በዓይኔ አይቼ ተመልሻለሁ።

በየጠረጴዛው የተደረደረው ውኃ አንገቱ ላይ ኪውአር ኮድ ነበረው። መድረክ መሪው «ታሪኩን ራሱ ይንገራችሁ» ሲሉ አዳራሹ በሙሉ ስልኩን አውጥቶ ወደ ጠርሙሱ አጎነበሰ። ኮዱ በቅድሚያ ኔትወርክ ጠየቀ፤ ኔትወርኩ ሲገኝ መተግበሪያ አውርዱ አለ፤ መተግበሪያው ሲወርድ ስም ከነአያት፣ የትምህርት ደረጃና የይለፍ ቃል ፈለገ፤ የይለፍ ቃላችሁ ደካማ ነው ተባልን፣ አጠነከርን፤ በአጭር መልእክት የሚላከውን ስድስት አኃዝ ስንጠብቅ የሻይ ሰዓት ደረሰ፤ ስንመለስ የቁጥሩ ጊዜ አልፏል። በስንተኛው ሙከራዬ እንደሆነ እንጃ፣ ገጹ ተከፈተና «በቅርቡ ይጠብቁን» አለኝ። እኔ ስለ ጠርሙሱ ምንም አላወቅሁም፤ ጠርሙሱ ግን ስለ እኔ እስከ አያቴ ስም ድረስ ዐውቋል። ክትትል እንዲህ ነው እንጂ!

ጃፓኖች እ.ኤ.አ. በ1994 ይህን ኮድ የፈለሰፉት የመኪና ክፍሎችን በፋብሪካ ውስጥ ለመከታተል ነበር። የአውሮፓ ኅብረትም እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 18 ቀን 2027 ጀምሮ የኤሌክትሪክ መኪና ባትሪ ያለ ዲጂታል ፓስፖርት፣ ማለትም ኮዱ ሲነበብ ስለ ባትሪው የሚናገር መዝገብ ሳይኖረው፣ ገበያው እንዳይገባ የደነገገው፣ ባትሪውን ፈታትቶ መልሶ የሚጠቀምበት ሰው ውስጡ ምን እንዳለ እንዲያውቅ ጭምር ነው። እኛ የወሰድነው መለጠፉን ብቻ ነው።

በዚያው ሰዓት የሆቴሉ ዘበኛ ጆንያ የተሸከመ ቁራሌ ከበሩ ላይ እያመናጨቀ ያባርር ነበር። እዚህ ላይ ቀልዱ ይቅርብኝ። የዚህችን ከተማ ባዶ ሃይላንድ ከየቱቦው ለቅሞ በኪሎ የሚያስረክበው እርሱ ነው፤ በመርካቶው ምናለሽ ተራ ያረጀ ጎማ በረባሶ፣ አሮጌ በርሜል የከሰል ምድጃ ሲሆን የኖረው ያለ ማንም ኮድ ነው። ለዚህ ሰው አንድ ጥንድ ጓንት የገዛለት የለም፤ ፎቶው ግን «ባለድርሻ አካል» ተብሎ በስላይዱ ላይ በስፋት ታይቷል። ነውር ነው።

ጠርሙሴን ይዤ ቤት ገባሁ። ባለቤቴ በውኃ ዘፍዝፋ ኮዱን ላጠችውና የኑግ ዘይት ሞላችበት። ትናንት ማታ በስልኬ መልእክት ገባ፦ «ውድ ተጠቃሚያችን፣ ጠርሙስዎ ወደ ፋብሪካው በሰላም ተመልሷል።»

ከነዘይቱ ይሆን?