እርማት፦ «በቲግ የተበየደ አሉሚኒየም ከላሜራው ይጠነክራል» ለተባለው

ወንድሜ፣ «ቲግ ከሆነ ብየዳው ከላሜራው በላይ ይጠነክራል፤ ሚግ ግን ደካማ ነው» ብለሃል። (ሁለቱም የኤሌክትሪክ ብየዳ ናቸው፤ ቲግ በማይቀልጥ የተንግስተን ዘንግ፣ ሚግ ደግሞ እየቀለጠ በሚገባ ሽቦ ይበይዳል።) ብዙ በያጅ የሚለው ነው፤ ከብረት ሥራ የመጣ እምነት ይመስለኛል። አሉሚኒየም ላይ ግን አይሠራም።

6061-ቲ6 የተባለውን የአሉሚኒየም ቅይጥ እንውሰድ፤ «ቲ6» በሙቀት መታከሙን ያመለክታል። ጥንካሬውን ያገኘው ፋብሪካ ውስጥ በሙቀት ታክሞ ነው፤ እስኪበጠስ ወደ 310 ሜጋፓስካል (የጥንካሬ መለኪያ) ይችላል። ስትበይደው ከስፌቱ ግራና ቀኝ ያለው ክፍል ይለሰልሳል። ቲግም ሆነ ሚግ፣ ለዲዛይን የሚያዘው ቁጥር ወደ 165 ይወርዳል። ራሴ የበየድኩትን ቁራጭ ሞርሳ ላይ አስሬ በመዶሻ ደጋግሜ ስመታው ስፌቱ ንቅንቅ አላለም፤ የተሰነጠቀው ከጎኑ፣ አንድ ጣት ያህል ርቆ ነው።

እንዲያውም ቲግ ቀስ ብሎ ስለሚሄድ ሙቀቱን ሰፋ አድርጎ ይበትናል። ወፍራም ላሜራ ላይ ሚግ ቶሎ ስለሚያልፍ የሚለሰልሰው ቦታ ሊጠብ ይችላል። ቲግ የሚመረጠው ለቀጭን ላሜራና ለንጹሕ ስፌት ነው፤ እዚያ ላይ እስማማለሁ።

በ1991 እንግሊዝ ውስጥ የተፈለሰፈው ፍሪክሽን ስተር የተባለው የብየዳ ዘዴ አሉሚኒየሙን ሳያቀልጥ በሚሽከረከር መሣሪያ እያሸ ስለሚያገናኝ፣ አሉሚኒየም ቀልጦ ሲረጋ ሃይድሮጅን ስፌቱ ውስጥ የሚተወውን ቀዳዳ ያስቀራል። ቲ6ን ግን እሱም ያለሰልሳል።

5083 የተባለው የአሉሚኒየም ቅይጥ ግን ሌላ ነው። ጥንካሬው በአብዛኛው ከማግኒዚየሙ ስለሚመጣ ከብየዳ በኋላ ብዙ አያጣም፤ ለጀልባ ከሚመረጥበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው። የምትሠራው ከ6061 ከሆነ፣ እባክህ ስፌቱን ጭነቱ ከሚበረታበት ቦታ አርቀው።