ጀማሪ በማን ወጪ ይሳሳት?

ስዊድን ውስጥ የጎልማሶች የግንባታ ትምህርት ቤት ገብቶ ወርክሾፑን ያየ የአዲስ አበባ ሰው መጀመሪያ የሚያንገበግበው ጣውላው ነው። ተማሪዎቹ አዳራሹ መሃል የቤት ግድግዳ ያቆማሉ። ቋሚውን እንጨት በ60 ሳንቲ ሜትር ርቀት ይተክላሉ፤ የጂፕሰም ቦርዱ ወርድ 120 ስለሆነ ጠርዙ ልክ እንጨት ላይ ማረፍ አለበት። በመሃሉ ብርድ መከላከያ ይጠቀጥቃሉ፤ የቤቱ እርጥበት ዘልቆ እንጨቱን እንዳያበሰብስ ከውስጥ በኩል ፕላስቲክ ይወጥራሉ። አስተማሪው ዞር ዞር ብሎ ያያል፤ እዚህ ተቀዷል፣ እዚያ ጎብጧል ይላል። ከዚያ ይፈርሳል። ሁሉም!

ወጪው የማዘጋጃ ቤቱ ነው። ኮምቩክስ የሚባለው ይህ የጎልማሶች ትምህርት እ.ኤ.አ. ከ1968 ጀምሮ በየከተማው አስተዳደር ሥር አለ፤ ለትምህርቱ አይከፈልም። ለኑሮ ደግሞ መንግሥት ከፊሉን በድጎማ፣ ከፊሉን በብድር ይሰጣል። (የእኛ ሰው አገር ቤት ሲደውል ብድሩን አያነሳም።)

እኛ ዘንድ የጀማሪን ስህተት የሚከፍለው ራሱ ጀማሪው ነው። ልጁ ከገጠር ይመጣል፣ ጠዋት የቀን ሠራተኛ የሚቆምበት አደባባይ ይቆማል፣ ሲሚንቶ ያቦካል፣ ብሎኬት ያቀብላል። ሙያተኛው ምሳ ሲወጣ ቱንቢውን አንስቶ ይሞክራል። አበላሽቶ ከተገኘ ከሒሳቡ ይቆረጥበታል ወይም በነጋታው አትምጣ ይባላል። በዚህ መንገድ አልፈው ውሃ በሞላ ላስቲክ ቱቦ የአንድ ሕንፃ ወለል ልክ የሚያወጡ ግንበኞች አሉን፤ ማንም አይንቃቸውም። ወረቀት ግን የላቸውም። በልምድ የሠራ ሰው ትምህርት ቤት ሳይገባ ለብቃት ምዘና፣ ለሲኦሲ፣ መቅረብ ይችላል። የፈተናው ቀን የሚቀርበትን የቀን ሒሳብ ማን ይሸፍንለት? ቴክኒክና ሙያውም ቢሆን ለረጅም ዓመታት የ10ኛ ክፍል ነጥብ የጎደለው የሚላክበት ቦታ ነበር። «ቴክኒክ ገባ» የሚባለው በለቅሶ ቤት ድምፅ ነው።

ስዊድንንም ገነት ላላስመስላት። አናጺ የሙያ ማረጋገጫ የሚያገኘው 6800 ሰዓት ሲሞላለት ነው፤ ትምህርት ቤቱ የሚያስቆጥርለት ከፊሉን ብቻ ነው። ቀሪውን ሰዓት በደመወዝ የሚያሠራውን ድርጅት ተማሪው ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት። እ.ኤ.አ. ከ2022 ወዲህ ወለድ ሲንር የቤት ግንባታው ተቀዛቀዘ፤ አጎቱ ድርጅት ያለው ወጣት ገባ፣ ስዊድንኛው የሚሰባበርበት የእኛ ሰው ማመልከቻ ሲልክ ከረመ። አዲስ አበባ ደግሞ ሌሊት በመብራት ይገነባል።

ሴቶችን ካነሳን ግን ነገሩ ይገለበጣል። ስዊድን ግንባታ ቦታ ላይ ሴት ማየት ብርቅ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሶሌታ፣ የፎቁ ወለል፣ ሲሞላ ኮንክሪት ተሸክመው የሚወጡት ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው፤ ከግንበኛው ጎን ዓመታት ይውላሉ፣ ስንት ባሬላ አሸዋ እንደሚበቃ ከእሱ እኩል ያውቃሉ። ቱንቢ የሚያስይዛቸው የለም። ከእነዚህ አንዷ የነበረች የማውቃት ልጅ አሁን እዚህ ስዊድን የቀለም ቅብ ሙያ ተመዝግባለች። አስተማሪው «ግንባታ ላይ ሠርተሽ ታውቂያለሽ?» ሲላት «አላውቅም» አለችው። ምን ነካሽ ብላት፣ «ተሸካሚ ነበርኩ እንጂ መች ሠራሁ» አለችኝ።