በእንግሊዝኛ እንከባበር

የጣና ዳር ሆቴሎች ይባረኩ። አዳራሻቸው ባይኖር መከባበርን ማን ያስተምረን ነበር? አሁን የባህር ዳር ቢሮዎች ወግ «ባህልን ያገናዘበ መደበኛ የእንግሊዝኛ ተግባቦት» የሚባል ሥልጠና ነው። አሠልጣኙ አማርኛ ተናጋሪ፣ ሠልጣኙ አማርኛ ተናጋሪ። በእንግሊዝኛ አፉን የፈታ ሰው ለመድኃኒት የለም። ጨዋነት ማለት ይሄ ነው፤ የሌለን እንግዳ ማክበር።

ባህሉ እንዴት እንደተገናዘበ ልንገራችሁ። የአንድ አዛውንት ሒሳብ ሹም ተራ ደረሰና «ሚስተር» ተብሎ የአባታቸው ስም ተጠራ። ፈረንጅ «ሚስተር» የሚለው ከቤተሰብ ስም ጋር ነው። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም፤ ሁለተኛው ስም የአባት ነው። ሰውዬው ዞር ብለው ኋላቸውን አዩ። አባታቸው ካረፉ ቆይተዋል፣ ነፍስ ይማር። ሟች እንኳ የሚጋበዝበት ሥልጠና የት ይገኛል?

ቀጥሎ የዓይን ትምህርት መጣ። ማቀርቀር በራስ ያለመተማመን ነው፣ ዓይን ዓይኑን እዩ ተባለ። አንዱ ወጣት ትምህርቱን አምኖ ሰኞ ጠዋት አለቃው ላይ አፈጠጠ። «ምን ታፈጥብኛለህ?» አሉት። በአማርኛ! አለቃው ገና አልሠለጠኑም።

ደብዳቤውማ ልዩ ነው። ድሮ «ጉዳዩ፦» ብለን ዘው እንል ነበር። አሁን ከኮሪደሩ ማዶ ላለ ቢሮ «ሆፕ ዚስ ሌተር ፋይንድስ ዩ ዌል» ይባላል። ደህንነቱንማ ጠዋት ማኪያቶ ላይ ጠይቀውታል። ተቀባዩ ደብዳቤውን ይዞ እንግሊዝኛ ወደምትችለው ጸሐፊ ይሄዳል። እሷ በአማርኛ ትነግረዋለች፣ እሱ በአማርኛ ይመልሳል፣ እሷ በእንግሊዝኛ ትጽፋለች። ከዚያ ክብ ማህተም። ጉዳዩ ምን ነበር? የፎቶኮፒ ወረቀት አልቋል።

እርግጥ ጢስ ዓባይን ሊያይ ወይም ወደ ዘጌ ገዳማት ሊሻገር ለመጣ ቱሪስት እንግሊዝኛ ያስፈልጋል። እሱን ግን ጀልባ ነጂዎቻችን ያለ አበል እየተወጡት ነው። አበል የሌለው ነገር ደግሞ አይቆጠርም።

የጥሪ ወረቀቱም በእንግሊዝኛ ነው፦ 8:30። ጠዋት 2:30 ለማለት ነው። ግማሹ ሰው ግን በለመደው ሰዓት አንብቦ ከሰዓት 8:30 ላይ ከች አለ። ምሳው አምልጦታል። ሰርተፊኬቱን ወስዷል።