የሰው ፊት መፍራት

እዚህ አሜሪካ፣ ዴንቨር ያለን ጎንደሬዎች በመስጠት አንታማም። ሰው ሲሞትም ሲታመምም እናዋጣለን። ግን በስብሰባ መሃል አንዱ ተነስቶ «ለትምህርት ቤቱ ዴስክ መግዣ ማን ማንን እንጠይቅ?» ሲል ቤቱ ጸጥ ይላል። «ከኪሴ ልጨምር እንጂ የሰው ፊት አላይም» የሚል አይጠፋም።

ይሄኔ ጎንደር ትዝ ትለኛለች። ያደግነው የቆሎ ተማሪ በየደጁ በሚቆምበት ከተማ ነው። ቅኔና አቋቋም ሊማር ከሩቅ አገር የመጣ ልጅ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» ይላል። ውሻው ሲጮህበት እሱም ድምፁን ከፍ ያደርጋል። የቆመው ለትምህርቱ ነው። ቁራሹን የምትሰጠው እናትም ይህን ታውቃለች። ነገ መሪጌታ ሊሆን የሚችል ልጅ ነውና በንቀት አታየውም።

ያላት ትሰጣለች። የሌላት «እግዜር ይስጥህ» ትላለች። ልጁ አይቀየምም፤ ወደሚቀጥለው ደጅ ያልፋል። እምቢታው ራሱ ምርቃት ነው። ሁለቱም ፊታቸው ሳይጠቁር ይለያያሉ። እኔ በዚህ ነገር ሁሌም እደነቃለሁ። በልጅነቱ ስንት ደጅ ባዶ እጁን የተመለሰ ሰው ምን ይፈራል?

አሜሪካኖችም መጠየቅ አያፍሩም። የገና በዓል ሲደርስ ሳልቬሽን አርሚ የሚባለው የክርስቲያን በጎ አድራጎት ድርጅት ሰዎች በየሱፐርማርኬቱ በር ቀይ የገንዘብ መሰብሰቢያ ድስታቸውን ሰቅለው ደወል ይደውላሉ። ልማዱ እ.ኤ.አ. በ1891 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የተጀመረ ነው። የሕዝብ ሬዲዮውም ፕሮግራሙን አቋርጦ አድማጩን ይጠይቃል። በተለይ የወደድኩላቸው ልኩን መጥራታቸው ነው። «የቻሉትን» አይሉም። «500 ዶላር ቢሰጡን ይህን እንሠራለን» ይሉና ዝም ብለው መልስ ይጠብቃሉ። እኛ ግን ያቺን ዝምታ አንችላትም። ጠይቀን ሳንጨርስ «ካልተመቸህ ግን ችግር የለም፣ ጋሼ» እንላለን። ሰውዬው ሳያስብበት ጥያቄውን እኛው መልሰን እንወስደዋለን።

ፍርሃታችን አንዳንዴ ሥራ መስሎም ይመጣል። ለትልልቅ ፋውንዴሽኖች (ለበጎ ሥራ ገንዘብ ለሚሰጡ ድርጅቶች) ደብዳቤ ስንጽፍ ዓመት ያልፋል። ደብዳቤ ፊት ለፊት አያጋፍጥማ! ገንዘቡ ግን በብዛት ያለው ሌላ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ለበጎ አድራጎት የተሰጠው ወደ 557 ቢሊዮን ዶላር ይገመታል። ከዚህ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ ከግለሰቦች የመጣ ነው። ጎረቤት፣ የሥራ ባልደረባ፣ የልጆቻችን ሐኪም ማለት ነው። በየቀኑ ሰላም የምንላቸው፣ ለመጠየቅ ግን የምንፈራቸው ሰዎች። ብዙ መሥሪያ ቤቶች እኮ ሠራተኛቸው ለተመዘገበ ድርጅት የሰጠውን ያህል ከራሳቸው ይጨምራሉ። ካልጠየቅነው ያ ሁሉ ይቀራል።

አገር ቤት ደግሞ ጉድለቱ ሌላ ነው። ጎንደር ሄጄ ፒያሳ አንድ ባለ ሱቅ ጋ ስለዚሁ ዴስክ ሳነሳ እንዲህ አለኝ፦ «ልጄ፣ መስጠቱንስ እንሰጣለን። ያለፈው ምን ላይ እንደዋለ ግን ማን ተመልሶ ነግሮን ያውቃል?» እውነቱን ነው። ለሰው ማሳከሚያ ተብሎ ይዋጣል፤ ታማሚው ዳነ አልዳነ የሚነግር የለም። የሚቀጥለው ጠያቂ የሚፈራውም ለዚህ ይመስለኛል። ያለፈውን ሂሳብ ያልነገርነውን ሰው እንደገና መጠየቅ ቢያስፈራን አይገርምም። እዚህ ላይ ደፋር ሁኑ ቢሉን ምን ይጠቅማል? መጀመሪያ ሄዶ ያለፈውን መንገር ነው፤ ጎድሎም ከሆነ ጎደለ ማለት።

ለማኅበራችን ሰዎች የምለው ይኸው ነው። መጀመሪያ እያንዳንዳችን የራሳችንን እንስጥ። ራሱ ያልሰጠ ሰው ሲጠይቅ አንደበቱ ይያዛል። ቀጥሎ የዴስኩን ዋጋ እንወቅ፤ ስንት እንደጎደለም እንቁጠር። ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነን እንሂድ። ለጋብቻ ሽማግሌ ስንልክ ብቻውን የሚሄድ የለም፤ አንዱ ሲጨንቀው ሌላው ቃል ያቀብለዋል። ለዚህም እንደዚያው ነው።

እኔ የምጠይቃቸውን ሦስት ሰዎች ስም ጽፌአለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት አብሮኝ የሚሄድ ሰው እፈልጋለሁ።